«አባ» የተባለው ተሳቢ

ከአዲስ አበባ ተመልሼ ደሴ ከገባሁ ጀምሮ ጎረቤቶቼ «ምን አየሽ?» እያሉ መግቢያ መውጫ አሳጥተውኛል። አዲሱን መናፈሻ፣ ሙዚየሙን፣ ማታ ማታ የሚበራውን መንገድ እንድነግራቸው ነው። «አቃቂ ቃሊቲን አየሁ» ስላቸው ፊታቸው ቅጭም ይላል። አንዷማ «ይኼን ሁሉ መንገድ ሄደሽ ፋብሪካና ከባድ መኪና አይተሽ መጣሽ?» ብላ ከንፈሯን መጠጠችልኝ። እንግዲህ ቁጭ ብላ ታንብበው ብዬ ነው የጻፍኩት። ለሽርሽር ቃሊቲ ልሂድ የሚል ሰው መቼም አይኖርም። እኔ ግን ሄጄ፣ በልቼ ጠጥቼ፣ ተዋርጄም ተከብሬም መጥቻለሁ።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት የታይፕ አስተማሪ ነበርኩ። ስሰናበት ተማሪዎቼ አዋጥተው ያገለገለ ዲጂታል ካሜራ ሰጡኝ፤ ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አንድ ፎቶ አነሳለሁ። አንድ ብቻ። ስልክ የያዘ ሁሉ አንዲት ድመት አርባ ጊዜ በሚያነሳበት ዘመን ይኼ ለሰው አይገባም። በታይፕ ዘመን ፊደል የሳተ ሰው ወረቀቱ ተበላሸበት ማለት ነው፤ ስለዚህ አስቦ ይመታል። እኔም አስቤ እጫናለሁ፤ ካበላሸሁም የዕለቱ ፎቶ ያው የተበላሸው ነው። ግትር ነሽ ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው።

ቅዳሜ

የእህቴ ልጅ ዘምዘም ገላን ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው። ባሏ ሰዒድ የጅቡቲ መስመር የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ኢክራም የምትባል ሴት ልጅ ወልደው፣ እኔ ሳላያት ድክ ድክ ማለት ጀመረች። ዘምዘምን ከልጅነቷ ጀምሮ እኔ ነኝ ያሳደግኳት፣ ስለዚህ የልጅ ልጄን ሳላይ ከረምኩ ማለት ነው። ቅቤ፣ ጭኮና ቆሎ ቋጥሬ፣ የጦሳ ተራራ ገና ጭጋጉን ሳያወልቅ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ደሴን ጋቢ ደርበን ለቀን ከሚሴ ስንደርስ ሙቀቱ ጋቢያችንን አስወለቀን። የእኔን ቅቤም አቀለጠው። ሸዋ ሮቢት ለምሳ ስንወርድ ነው ያየሁት፤ የዕቃው ክዳን ላልቶ ቅቤው የካሜራውን ቦርሳ አጥቦታል። የካሜራውን ሌንስ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩት። ያ ነው ጥፋቱ። ቅቤ በነጠላ ሲጠረግ ይሰፋል እንጂ አይለቅም፤ ይኼንን የማታውቅ የወሎ ሴት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ነጠላዬም በጥለቱ በኩል ሙሉ ለሙሉ ቅቤ ጠጣ።

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮቹ አውቶቡሱን ሲከቡት አንዷን ጥሩ አድርጌ አነጣጠርኩ። ልጫን ስል አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ቆሎ ልግዛ ብሎ አንገቱን በመስኮቱ አወጣ። የዕለቱ ፎቶ የማላውቀው ሰው ጆሮና ከጆሮው ኋላ ጥፍር የምታክል ቆሎ ሻጭ ሆነ። ሰውዬው ነገሩን ስነግረው በጣም አፈረ፤ እስከ ላምበረት መናኸሪያ ድረስ ከገዛው ቆሎ እያፈሰ አበላኝ። የራሴ ቆሎ እግሬ ሥር እያለ የሰው ቆሎ ስበላ ዋልኩ።

ከላምበረት በታክሲ፣ ከዚያ በባቡር ወደ ቃሊቲ። ባቡሩ እንደ ገብስ ጆንያ ተጠቅጥቋል። አንድ ወጣት «ማዘር፣ እዚህ ጋ ይቀመጡ» ብሎ ተነሳልኝ። «ማዘር» መባሉ ባይዋጥልኝም መቀመጫው ግን ተዋጠልኝ። የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ዘምዘም ኢክራምን አዝላ ቆማ ስትጠብቀኝ አየኋት፤ ያን ጊዜ እንባዬ መጣ። ልጅቷ አንድ ጊዜ አየችኝና ፊቷን እናቷ ጀርባ ውስጥ ቀበረች።

ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። «የደሴ ዳገት ላይ ያደገ ሰው ደረጃ አይፈራም» ብዬ ፎከርኩ፤ ሦስተኛው ላይ ስደርስ ፉከራዬ አለቀ። ኮሪደሩ ላይ ቢጫ ጀሪካን ተደርድሯል፣ ውሃ በፈረቃ ነው። በዚህስ ደሴና ገላን እህትማማቾች ናቸው።

እሑድ

ጠዋት ዳቦ ልንገዛ ወደ ዋናው መንገድ ወጣን። እኛ አገር መንገድ ተራራ ላይ ይጠመጠማል፤ እዚህ ሜዳው ላይ ዝም ብሎ ተዘርግቷል፣ በላዩም ተሳቢ በተሳቢ ተከታትሎ ያልፋል። ኢክራም ከእናቷ ጀርባ ላይ ሆና እጇን ዘረጋች።

«አባ! አባ!»

«ሰዒድ መጣ እንዴ? የት አለ?» ብዬ ዞርኩ። ሰዒድ የለም። አንድ ጎማው እኔን የሚያክል ተሳቢ ብቻ እያጓራ አለፈ። ሌላ መጣ። «አባ!» አለችው ደግሞ፣ እየሳቀች።

ዘምዘም አልሳቀችም። ቤት ስንመለስ ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ አሳየችኝ። ቀይ ተሳቢ ከነሙሉ ግርማው፤ ከፊት ጎማው አጠገብ ደግሞ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነ ሰው ቆሟል። ሰዒድ ነው። ፎቶውን ያነሳው ሰው መኪናውን እንጂ ሰዒድን አልወደደውም። ዘምዘም በየቀኑ ልጅቷን አቅፋ ወስዳ «አባ የታል? አባን ሳሚው» ትላታለች፣ ልጅቷም ትስመዋለች፤ የመኪናውን አፍንጫ።

«ሌላ ፎቶ የላችሁም?»

«ሰዒድ ፎቶ አይወድም። ይኼንንም የተነሳው ስለ መኪናው ብሎ ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ባለፈው ሲመጣ ምን ሆነች መሰለሽ አክስቴ? አልጋ ሥር ገባች። እሪ እንዳለች ነው ተመልሶ የሄደው። በሩን ዘግቶ ሲወጣ አጨበጨበች።»

«ልጅ ናት፤ ምን ታውቃለች።»

«እሷስ ልጅ ናት፤ እሱስ? ከዚያ ወዲህ ሞጆ ድረስ መጥቶ ቤት ሳይገባ ተመለሰ። ጭነት ቸኩሎብኝ ነው አለኝ። ጓደኛው ሳያውቅ ነገረኝ፤ እዚያው መኪናው ውስጥ ሲተኛ ነው የከረመው። ቤቱን እየሸሸ ነው። አሁን ረቡዕ እመጣለሁ ብሏል። ዳግመኛ ከጮኸችበት፣ ከእንግዲህ ቤት ቤት አይለውም ብዬ ፈርቻለሁ።»

ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ለተሳቢ እጇን ስትዘረጋ አነሳኋት። ፎቶው ጭጋግ የለበሰ ሆኖ ወጣ። የቃሊቲ አቧራ ነው ብዬ ፈረድኩበት፤ ቅቤው ትዝም አላለኝ።

ሰኞ

ሌሊቱን ሳወጣ ሳወርድ አድሬ ዘዴ አገኘሁ። ልጅቷ የአባቷን ፊት አታውቅም፤ ስለዚህ ፊቱን በትልቁ እናሳያታለን። ዘምዘም ከመሳቢያ ውስጥ የሰዒድን ጉርድ ፎቶ ፈልጋ አመጣች፤ ለመንጃ ፈቃድ የተነሳው፣ ኮስተር ያለ። እሱን በካሜራዬ መልሼ አነሳሁት፣ የዕለቱ ፎቶም እሱ ሆነ። አቃቂ ገበያው አጠገብ ያለ ፎቶ ቤት ሄደን «በተቻለ መጠን አሳድግልን፣ ፍሬምም አድርግለት» አልነው።

ባለ ፎቶ ቤቱ ፎቶውን አየ፣ ዘምዘምን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ተራ ይጠብቁ የነበሩትን ሁሉ ትቶ የእኛን አስቀደመ። ተራ ጠባቂዎቹም አንዳቸው አላጉረመረሙም። እንዴት ያለ ጨዋ ሰፈር ነው ብዬ አመሰገንኩ። ፎቶው ሲወጣ የሰዒድ ፊት በነጭ ጭጋግ ተከቦ፣ ከደመና ላይ ቁልቁል የሚያየን መሰለ። «አምሮበታል» አልኩ።

እንግዲህ የሆነውን ልንገራችሁ። ዘምዘም እንደ ልማዷ ጥቁር ጅልባብ ለብሳለች። እኔ ደግሞ ነጠላዬ በጥለቱ በኩል ቅቤ ስለጠጣ፣ ሰው ፊት እንዳያሳፍረኝ ብዬ ገልብጬ ጥለቱን ወደ አንገቴ አድርጌዋለሁ። ነጠላዋን ዘቅዝቃ የለበሰች፣ ሰሞኑን ከአገር ቤት የመጣች አሮጊት፤ ጥቁር የለበሰች ሚስት፤ በመካከላቸው የሾፌሩ ፊት በትልቅ ፍሬም። ደረጃው ሥር የምትኖረው አዴ ጫልቱ በር ላይ ቆማ አየችን። አዴ ጫልቱ ኮንዶሚኒየሙ ሳይሠራ በፊት እዚያው መሬት ላይ ጤፍ ያርሱ ከነበሩት ቤተሰቦች ናት፤ አሁን ወተት ትሸጣለች። ሰላም ስላት እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች። ሥራ በዝቶባት ይሆናል ብዬ አለፍኩ።

ዘምዘም ምስማር ይዛ ፍሬሙን ልንሰቅል ስንል በሩ ተበረገደ።

«ወይኔ ሰዒድ! ወይኔ ልጄ!» አዴ ጫልቱ ደረቷን እየደቃች ገባች። ከኋላዋ የብሎኩ ሴቶች፣ ከሴቶቹ ኋላ ወንበር የተሸከሙ ወንዶች። ታች ግቢው ውስጥ የእድሩ ድንኳን ብረት ሲወርድ ይሰማኛል።

ከዘምዘም እጅ ምስማሩ ወደቀ። ለካ እሷ ደግሞ ጎረቤቶቿ ከመንገድ መርዶ ሰምተው የመጡ መሰላት። «ሰዒድ ምን ሆነ? መኪናው ተገለበጠ?» ብላ ወለሉ ላይ ዘፍ አለች። እሷ ስትወድቅ እነሱ ይብሱኑ ጮኹ። እኔም ለአንድ አፍታ እውነት መሰለኝ።

ከዚያ ግን የአስተማሪነት ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። «ጸጥታ!» አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። «ማነው ሞተ ያላችሁ? ማን ነገራችሁ?»

ተያዩ። አዴ ጫልቱ በመጀመሪያ ፍሬሙን፣ ቀጥሎ ነጠላዬን በጣቷ አሳየችኝ። «እናንተው ናችሁ እንጂ» አለች።

ነገሩን ሳስረዳ የሳቀ አልነበረም፤ ዘምዘም ገና ወለሉ ላይ ናትና። ሰዒድ ጋ ደወለች፣ አይሠራም። ደግማ ደወለች፣ አይሠራም። የአፋር በረሃ ውስጥ ኔትወርክ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል፤ እያወቁ ግን ማንም ወደ ቤቱ አልሄደም። «እስኪደውል አብረን እንቀመጥ» አለች አዴ ጫልቱ። ለለቅሶ የመጡት ወንበሮች ተዘረጉ። አንዷ ሻይ በፔርሙስ፣ አንዷ ዳቦ፣ አንዱ ከሱቁ ብስኩት አመጣ። እኛ ደሴ ጎረቤት ማለት አያት ቅድመ አያቱ የሚታወቅ ነው፤ እነዚህ ግን ዕጣ ያገናኛቸው ሰዎች ናቸው፣ አንዱ ከጎጃም፣ አንዱ ከጉራጌ፣ አንዱ ከዚሁ። እንደዚያ ዙሪያችንን ከብበው ሲጠብቁ ሳይ በሐፍረቴ ላይ ምስጋና ተደረበብኝ።

ጀንበር ሳትጠልቅ ስልኩ ጮኸ። «ሃሎ፣ ምን ሆናችኋል? ይኼ ሁሉ ሚስድ ኮል?» የሚል ድምፅ ተሰማ። ቤቱ በእልልታ ተናወጠ። አዴ ጫልቱ ስልኩን ከዘምዘም እጅ ነጠቀች፤ «አንተ ልጅ! ሞተሃል ብለን አልቅሰንልሃል፣ በቃ ዕድሜህ ረዘመ!»

ልጅቷስ? ኋላ ፍሬሙን ሰቅለን ያን የሚያክል ፊት ግድግዳ ላይ ስታይ ጮኻ መጋረጃ ውስጥ ገባች። ፍሬሙን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርነው።

ማክሰኞ

ፎቶ ቤቱ ተመልሼ ሰውዬው በሕይወት እንዳለ ነገርኩት። «አልሐምዱሊላህ! እኔኮ ተራ ያስለቀቅኩላችሁ ቀብር እንዳይረፍድባችሁ ብዬ ነው» አለኝ፤ እሱም የወሎ ልጅ ነው፣ የሐይቅ። ሌንሱን አየና «ይኼ ምንድነው፣ ቅቤ?» ብሎ በአልኮልና በልዩ ጨርቅ እስኪያብረቀርቅ ጠረገልኝ። ስንት ልክፈል ስለው «ከአገሬ ቅቤ ላይ አልቀበልም» አለኝ።

ከዚያ ዘምዘም ለአብሮ አደጓ ጭኮ አድርሺልኝ ስላለችኝ ወደ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት በኩል ወረድኩ። አብሮ አደጓ እዚያ ለጠያቂዎች ለስላሳና ብስኩት የምትሸጥበት ሱቅ አላት። መንገድ ላይ ምሳ ዕቃ የያዙ ሴቶች ሰልፍ ደስ ቢለኝ ካሜራዬን አነሳሁ። አንድ ጠባቂ ቀስ ብሎ መጣና «እናቴ፣ እዚህ ፎቶ አይነሳም» አለኝ። «አላነሳሁም፤ እኔ በቀን አንድ ብቻ ነው የማነሳው» ስለው ግራ ተጋብቶ ሳቀ። «እንግዲያው አንዱን ከሱቆቹ ውስጥ ያንሱት» ብሎ ራሱ መንገዱን አሻገረኝ። የሱቁን መደርደሪያ አነሳሁ፤ ጠያቂዎች ሲገቡ አደራ ብለው የሚተዉትን ቦርሳና ጃንጥላ፣ በየምስማሩ ተሰቅሎ። ጥርት ያለ ፎቶ ነው።

ረቡዕ

ዘምዘም ከጠዋት ጀምሮ ስትሠራ ዋለች። ቀይ ወጥ፣ አልጫ፣ ሰላጣ፤ ኢክራምንም አዲስ ቀሚስ አለበሰቻት። ሰዒድ ከሰዓት በኋላ ደወለ። ጎማ ፈንድቶበታል፣ ምናልባት ዛሬ አይደርስም፣ ምናልባት ደግሞ ጭነቱን አራግፎ ከሞጆ ይመለሳል።

ዘምዘም «እሺ» ብቻ አለች። ያ «እሺ» አላስቻለኝም። ስልኩን ወሰድኩ።

«ሰዒድ፣ ሐዋ ነኝ። ጎማው እውነት ፈንድቷል?»

«ፈንድቷል አክስቴ፣ ወላሂ። ግን ተቀይሯል» አለ።

«ታዲያ?»

«አክስቴ፣ እርስዎ አላዩትም። ልጄ ስታየኝ እንደዚያ ስትጮህ፣ ሰው የገደልኩ ነው የሚመስለኝ። ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። እኔ ለማን ብዬ ነው ያን ሁሉ በረሃ የምነዳው?»

ልቆጣው ተነስቼ ነበር፣ ተውኩት። «ልጄ፣ ቤትህ ና። ትጩህም፣ ና» አልኩት። «እሺ፣ ነገ» አለኝ።

የዕለቱ ፎቶ ክዳኑ ያልተነሳ ሞሶብ ነው። ማታ አዴ ጫልቱ እርጎ ይዛ መጥታ «ባል ቢቀር ወጥ አይቀርም» ብላ ክዳኑን ከፈተችው። አብረን በላን።

ሐሙስ

ሲመሽ አካባቢ በሩ ተንኳኳ። ሰዒድ ከፎቶው ይበልጥ ቀጭን፣ ከፀሐዩ የተነሳ የጠቆረ፣ ዓይኑ የደከመ ሰው ነው። በአንድ እጁ የተምር ካርቶን፣ በአንዱ ቢጫ አሻንጉሊት ይዟል። ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ልጅቷ አየችው።

እሪታዋን ልግለጽላችሁ ብል አልችልም። እናቷ ቀሚስ ውስጥ ገብታ፣ አልፋ አልጋ ሥር ገባች። ሰዒድ ወደ ውስጥ አልመጣም። በሩ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ አሻንጉሊቱን ቀስ አድርጎ ወደ አልጋው ገፋው፣ ከአልጋው ሥር አንዲት ትንሽ እጅ ወጥታ መልሳ ገፋችበት።

ሊስቅ ሞከረ። ዓይኑ ወደ ግድግዳው ሄደ፤ ተነስቶ ፊቱን ያዞረውን ፍሬም ገልብጦ አየና «እኔ ነኝ እንዴ? ምነው ታዲያ ቀጣችሁኝ?» አለ። ዘምዘም ሳቀች፣ ስትስቅ አለቀሰች። እሱ ግን እራቱን ሁለት ጉርሻ እንኳ ሳይጎርስ ተነሳ። ሳሎን ፍራሽ አነጠፉለት። ልጅቷ እንዳትነቃ ብሎ ሲያስለው በትራስ አፍኖ ነበር የሚያስለው።

የዕለቱን ፎቶ ጠዋት በረንዳው ላይ የተሰጣ ልብስ አንስቼ ጨርሼ ነበር። ደስ አለኝ፤ ያን ምሽት ማንሳት ነውር ነበር።

ዓርብ

ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሰዒድ መኪናውን ሊያይ እንደሚሄድ ተናገረ። መኪናው የቆመው ዋናው መንገድ ዳር፣ ከባድ መኪኖች በሚያድሩበት ሰፊ ግቢ ነው። ዛሬውኑ ሊሄድ እንደሆነ ዘምዘምም እኔም ገባን። «አባቷ ተሳቢ ነው ካለች፣ ተሳቢው ዘንድ እንውሰዳታ!» አልኩ፣ በብስጭት። ዘምዘም ልጅቷን አዘለች። ሰዒድ እንዳትጮህበት ብሎ ከፊት ከፊት፣ ራቅ ብሎ ሄደ።

ግቢው ገብተን ቀዩ ተሳቢ ፊት ስንደርስ ኢክራም ከጀርባ ልትዘል ደረሰች። «አባ! አባ!» ሁለት እጇን ዘርግታ፣ ፊቷ በርቶ።

ሰዒድ ይኼን አያውቅም ነበር። ዘምዘም አልነገረችውም፤ ይብስ ይከፋዋል ብላ። ቆሞ ልጁን አየ፣ መኪናውን አየ። «እሱን ነው?» አለ። «እሱን ነው አባ የምትለው?» ከዚያ ጎማው ላይ ተደግፎ መሳቅ ጀመረ፣ እየሳቀ ዓይኑን በክንዱ ጠረገ። «ታዲያ እኔምኮ እውስጡ ነኝ!»

ወጥቶ ጋቢናው ውስጥ መሪው ጋ ተቀመጠ። እኔና ዘምዘም በሌላኛው በር ተረዳድተን ወጣን፣ እኔ ለመውጣት ከታች ሁለት ሾፌሮች ገፍተውኛል። ልጅቷ እናቷ ጭን ላይ ሆና አየችው፤ ከንፈሯ ለለቅሶ ተንቀጠቀጠ። ሰዒድ ሞተሩን አስነሳ። ጋቢናው ተንገጫገጨ። ፊቱን ወደ መንገዱ እንዳደረገ፣ ሳያያት፣ «ኢክራሜ፣ የአባ እናት፣ በልተሻል? ተኝተሻል?» አለ።

ሁልጊዜ በስልክ የሚላት ነው። ሁልጊዜም የሚደውለው ከዚያው ወንበር፣ ያው ሞተር እያጓራ ነው። ልጅቷ ለቅሶዋን አቆመች። የእናቷን ስልክ አየች፤ ከዚያ የሰዒድን አፍ አየች። ደግማ አፉን አየች። እጇን ልካ ከንፈሩን ነካችው። ሰዒድ ትንፋሹን ዋጠ፣ ንቅንቅ አላለም። ቀስ እያለች፣ በእናቷ ጉልበት ላይ ተሻግራ፣ ጭኑ ላይ ወጣችና መሪውን ያዘች።

አንዱን ተጫንኩ። ፊታቸው አልገባም። መሪው ላይ አንድ ትልቅ የጠቆረ እጅ፣ በላዩ አንዲት ትንሽ እጅ አለች። ሾፌሮቹ ከታች ሆነው «ክላክስ አስደርጋት!» እያሉ ይጮሃሉ። አስደረጋት። ቃሊቲ ሁሉ ሰማ።

ሰዒድ ያን ቀን አልሄደም።

ቅዳሜ

ስጋቴ ከመኪናው ስትርቅ ትረሳው ይሆን የሚል ነበር። ጠዋት ከመኝታ ቤቱ በር ሆና ሰርቃ አየችው። እሱ ፍራሹ ላይ እንደተኛ በአፉ «ዱዱዱዱ» እያለ ሞተር አስነሳ። ቀረበች። በምናባቸው መሪ ይዘው አብረው አዋሽ ደርሰው ተመለሱ። ረፋዱ ላይ አራታችንም ወደ ኮዬ ፈጬ ሄደን፣ እዚያ ያለች የዘምዘም ዘመድ ቤቷ ምሳ ጋበዘችን። ሰዒድ ሲያጎርሳት ጎረሰች፣ ደግሞ አፏን ከፈተች። እኔ ያን ሁሉ የታይፕ ተማሪ አስተምሬ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም፤ ሥራው የእኔ ሳይሆን። ስትጠራው ግን አልሰማሁም። የምትፈልገው ሲኖር «ዱዱዱ» ነበር የምትለው።

እሑድ

ጭነት ተገኝቷልና መሄድ ነበረበት። ጎህ ሲቀድ በሩ አጠገብ የተቀመጠ ጫማውን አነሳሁ፣ የዕለቱ ፎቶ እሱ ሆነ። መኪናው እዚያው ሩቅ ግቢ ነው ያለው፤ ሰዒድ ቦርሳውን በትከሻው አንግቶ በእግሩ ሊወርድ ተሰናበተን። እጄን ሳመኝ። ልጁን ግንባሯን ሳማት፣ ዝም አለችው። በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ዘምዘም ዓይኗን ከልጅቷ እጆች ላይ አልነቀለችም። ታጨበጭብ ይሆን ብላ ነው፤ እኔም ያንኑ ፈርቻለሁ።

ኢክራም በሩን አየችው። የእግሩን ኮቴ ደረጃው ላይ እየራቀ ሲሄድ አዳመጠች። ተነሳች፣ በሩ ጋ ሄደች፣ በሁለት መዳፏ መታችው። «አባ!» አለች። በሩ ዝም አለ። «አባ!» ደግማ መታችው፣ ከዚያ ከሆዷ የሚወጣ፣ ማቆሚያ የሌለው ለቅሶ ለቀቀችው።

ላነሳት ብድግ አልኩ። ዘምዘም ክንዴን ያዘችኝ።

«ተያት አክስቴ፣ አታባብያት። ይቺን ለቅሶ ስጠብቃት ነው የከረምኩት።»

እሷው አቅፋ ወደ በረንዳው ወሰደቻት። ታች ሰዒድ ግቢውን አጋምሶ ነበር። ለቅሶውን ሰምቶ ቆመ፤ ቀና አለ። ከአራተኛ ፎቅ ፊቱ አይታየኝም፣ ትከሻው ግን ለክፉ ነገር ሲዘጋጅ አየሁት።

«ምን ሆነች? ምን አስለቀሳት?» ብሎ ጮኸ።

«አንተ ነህ!» አለች ዘምዘም እየሳቀች፣ እንባዋ እየወረደ። «ሄድክባት! አትሂድብኝ ነው የምትልህ!»

ሰዒድ ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ። ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። «አልሐምዱሊላህ!» አለ፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማ። እኔም ከላይ ሆኜ አብሬው አልኩ። ልጅቷ ከሁላችን በላይ ትጮሃለች፤ ዝም በይ ያላት ግን አንድም ሰው አልነበረም።